ዚነት «እሺ» ያለች ዕለት

ያሕያ ዚነትን ያወቃት ቲማቲሟ ላይ ተቀምጦ ነው።

ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ የሚወጣው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ድብ ባሕር ላይ አንዲት ልጅ ገባችና ፌስታሏን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሌላ ዕቃ ልታስጭን ተመልሳ ወረደች። ያሕያ ከኋላ ተጣጥፎ ሲመጣ ጉልበቱ ዝሎ ስለነበር፣ ቦታው የተለቀቀ መስሎት ፌስታሉን ሳያይ ዘሎ ተቀመጠበት። ከሥሩ አንድ ነገር ጧ አለ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ወንድም... የተቀመጥክበት የእናቴ ቲማቲም ነው!»

ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ያሕያ ብድግ ቢል ሱሪው ቀልቷል።

«እከፍልሻለሁ! ስንት ነው?»

«ተወው፤ ሳሙና ግዛበት» አለችና በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ሊማሊሞን እየተጠማዘዙ ሲወጡ እንዲቀመጥ ቢለምኑትም እንቢ ብሎ እንደ ጎበጠ ቆሞ ደረሰ። ደባርቅ ሲወርዱ ዕቃዋን ተቀበላት።

«ስምሽን አትነግሪኝም?»

«ዚነት። አንተስ?»

«ያሕያ።»

«በል ያሕያ፣ ሌላ ጊዜ ከመቀመጥህ በፊት እይ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳባት ካለው የቅጥር ሥራው አስፈቅዶ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ከበርበሬ ተራው ጫፍ ቲማቲሟን ዘርግታ አገኛት።

«ዛሬስ የማን ላይ ልትቀመጥ መጣህ?»

«ዛሬ ቆሜ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«አንቺን!»

ዚነት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሚዛኗን ስትነካካ ቆየችና ቀና ሳትል «እንዲያ ከሆነ... ሽማግሌ ላክ» አለችው።

አባቷ አባባ ባሽር ድብ ባሕር ላይ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ስኳር በሽታ ይዟቸው ሰውነታቸው ከስቷል፤ ጨዋታቸው ግን እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሹ ሲያነሡ በእጃቸው ከለከሉ።

«እኔ ሀብት አልጠይቀውም። ልጄ ስታወራ ይስማት። ይኸው ነው።»

ያሕያ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «እሰማታለሁ አባባ» አለ። ሲል ከልቡ ነበር።

ተጋብተው ደባርቅ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጥሩ ነበሩ። ያሕያ ዳባት ተቀጥሮ ሲሠራ የኖረው የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነበርና፣ የራሳቸውን ከፈቱ፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ። ሱቁን ለመሙላት ከብድር ተቋም ገንዘብ ወሰዱ። ዚነት «ማስያዣው ምንድነው?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ዕቃው ራሱ ነው፤ አታስቢ» አላት።

እውነቱ ሌላ ነው። የተያዘው የእናትና የአባቱ የዳባቱ ቤት ነው። ሁለቱ አዛውንት አንድ ልጃቸውን አምነው ፈርመዋል። ያሕያ ይህን ለሚስቱ መንገር አፈረ። የወላጆቹን ጣራ አስይዞ ነው የሚያኖረኝ እንዳትል ፈራ።

ከዚያ መንገዱ አላስተማምን አለ። ዕቃ እንደ ልብ አይመጣም፤ የመጣውም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነው። ቤት የጀመረው ሁሉ ግድግዳውን እንዳቆመ ተወው። ቆርቆሮው ሱቁ ውስጥ ተደርድሮ አቧራ ጠጣ። ብድሩ ግን ወሩን ጠብቆ ከተፍ ይላል። ያሕያ የሚስቱን ሳቅ መስማት ተወ። እንጀራ ቀርቦለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ገዢ ጠፍቶ ተቀምጠው ሳለ አወጣው።

«ዚነት፣ እንዲህ መቀጠል አንችልም። ዕዳው እስኪቀልልን ድረስ ለቤተሰብ መላክ እናቁም። ላንቺም ለኔም።»

ዚነት ደነገጠች። በየወሩ ለአባቷ መድኃኒት የምትልከው እሷ ናት።

«የአባቴ መርፌ እኮ... እሱ ከሌለ...»

«ሰዓድ አለ አይደል? ሳዑዲ ያለ ወንድም ይዘሽ ሁሉንም እኛ ትከሻ ላይ ትጭኛለሽ?»

«ሰዓድ እኮ ያሕያ...»

«በቃ!» ብሎ ተነሣ። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማስበው። አንድ ጊዜ እንኳ አስቢልኝ!»

ከበሩ ሲወጣ ድምፅዋን ሰማ። ዝግ ያለ ነበር።

«እሺ።»

ያሕያ ያንን «እሺ» ስምምነት ነው ብሎ ወሰደው። ሰዓድ ከሥራ ወጥቶ፣ ሰው ቤት ተጠግቶ እንደሚኖር ልትነግረው አፏን ከፍታ እንደነበር አላወቀም። ለማወቅም አልቆመም።

እሱ ግን ቃሉን አልጠበቀም። እናቱ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ግድግዳ እየዳሰሱ እንደሚሄዱ ጎረቤት ደውሎ ሲነግረው አልቻለም። ለዚነት ሳይነግር ላከ። በሚቀጥለውም ወር ላከ። «የነሱ ሌላ ነው፤ ቤታቸውን ሰጥተውኛል» እያለ ራሱን አጽናና። ዚነት የሰፈር ሰው ልብስ እየሰፋች ሳንቲም ስታጠራቅም ያያል። ለቤቱ ዕዳ መስሎት በልቡ ያመሰግናታል። ለአባቷ ነበር፤ በጊዜው አልደረሰላቸውም እንጂ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዚነት ለቅሶ ልትደርስ ወጥታ፣ ያሕያ ብቻውን ሱቅ ተቀምጦ ሳለ አባባ ባሽር በበሩ ገቡ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ።

«አባባ! በሰላም ነው? ሳይደውሉ?»

«በሰላም ነው ልጄ። እንዲሁ... ልያችሁ ብዬ።»

ያሕያ ወንበር አቀረበ፤ ሻይ አስመጣ። አዛውንቱ ሻዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሱቁን ዙሪያውን አዩ። የቆርቆሮውን ክምር አዩ። የአማቻቸውን ፊት አዩ። አንድ ነገር ሊሉ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይኼኔ የብድር ተቋሙ ሠራተኛ ከበሩ ብቅ አለ።

«ያሕያ፣ ይህን ወር ደግሞ ብታሳልፍ እኔም አልችልልህም። ወደ ሕግ ነው የሚሄደው» ብሎት ሄደ።

አባባ ባሽር ስኒውን አስቀመጡ።

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው?» አለ ያሕያ፣ ወሬ ለመቀየር ያህል።

«ጫማው ልጦኝ ነው ልጄ። ቀላል ነው።»

ያሕያ ዝቅ ብሎ አየ። ጫማ አላደረጉም። በዚያ በደባርቅ ብርድ በነጠላ ጫማ ነበሩ፤ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ረጥቧል። አየ እንጂ አልጠየቀም። ከጠየቀ መልስ ይመጣል፤ መልሱ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

«በል ልነሣ፤ መኪና እንዳያመልጠኝ» አሉ።

«ዚነትን ሳያዩዋት?»

«ሌላ ጊዜ። መምጣቴንም አትንገራት፤ ትጨነቅብኛለች።»

ያሕያ የመሳፈሪያ ገንዘብ እጃቸው ላይ አስጨብጦ መናኸሪያ አደረሳቸው። ሚኒባሱ ሲሄድ ቀለል አለው። ቀለል ስላለው ግን ኋላ ራሱን ይቅር ሊል አልቻለም።

ክረምቱ ሳይወጣ ስልክ ተደወለ። የዚነት እናት እማማ ረህማ ነበሩ። ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አባባ ባሽር ራሳቸውን ስተው ጎንደር ሆስፒታል ገብተዋል። ዚነትና ያሕያ ሲደርሱ ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ጥሩ ነበር» አላቸው። በማግስቱ አረፉ።

ድብ ባሕር ቀብረዋቸው ለቅሶ ተቀመጡ። የያሕያ እናትም ከዳባት መጡ። ያለ መሪ፣ በራሳቸው ዓይን እያዩ ገቡ። ዚነትን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ሊያጽናኗት ብለው እንዲህ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ። አላህ ምንዳችሁን ይክፈላችሁ። ተቸግራችሁም እኮ ወር አልዘለላችሁብኝም። ይኸው ሞራዬን አስገፈፋችሁኝ፤ ፊትሽን አየሁት!»

ዚነት ቀና አለች። ማዶ ወንዶቹ መካከል የተቀመጠውን ባሏን ፈለገችው። ያሕያ ዓይኑን ሰበረ።

እማማ ረህማ ከጎኗ ሆነው ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። «ያን ዕለት ደባርቅ ወጥቼ ለልጆቹ ልንገራቸው ብሎ ሄዶ... ሲመለስ እነሱም ጭንቅ ላይ ናቸው ብሎኝ ቁጭ አለ...»

«አባቴ ደባርቅ መጥቶ ነበር?»

እማማ ረህማ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሰው ሲቀል ከቤቱ ጀርባ፣ ከእናቷ የቲማቲም መደብ አጠገብ ተገናኙ። ዚነት አላለቀሰችም። ያ ነው ያሕያን ያስፈራው።

«እግሩን አይተኸው ነበር?»

«...አይቼዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ጫማ ልጦኝ ነው አለኝ።»

«አንተስ አመንከው?»

ያሕያ መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም።

«ማመን ፈለግሁ።»

ዚነት በእጇ ግንቡን ያዘች።

«ለእናትህ መላክህ አላናደደኝም። ወላሂ! ብትነግረኝ እኔ ራሴ እልክላቸው ነበር። የኔን ግን አቁሚ አልከኝ... እሺ አልኩህ! ለአባቴ አልክም ብዬ እሺ ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው!»

«ዚነት፣ ቤታቸው ነው የተያዘው። ማስያዣው የእናትና የአባቴ ቤት ነው። የብድሩ ክፍያ ቢቋረጥ ሜዳ ላይ ነበሩ...»

ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«እኔም ሰዓድ ሥራ ማጣቱን ልነግርህ ነበር። ጥለኸኝ ወጣህ።» ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። «አንድ ቀን ቁጭ ብለን ብንነጋገር ኖሮ እኮ ያሕያ... ቆርቆሮውን በርካሽም ቢሆን ሸጠን... ሁለቱንም እናተርፋቸው ነበር...»

ሊያቅፋት ተጠጋ። በቀስታ፣ ሳትቆጣ፣ እጁን አነሣችው።

«አንተ ሂድ። እኔ ከእናቴ ጋር እቀራለሁ።»

ያሕያ ብቻውን ሊማሊሞን ወጣ። ሱቁን በኪሳራ ሸጠው። የቀረውን ለመክፈል ዳባት ወላጆቹ ቤት ገብቶ የሰው ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ከረመ። ከሚያገኘው ለእማማ ረህማ ይልካል። መጀመሪያ ገንዘቡ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ላከ። ኋላ መመለሱ ቆመ።

ዕዳው ያለቀ ዕለት ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ድብ ባሕር ወረደ። ዚነት የአባቷን ሱቅ ከፍታ ትሠራለች። ከሲታ ሆናለች፤ ግን ፊቷ ረጋ ብሏል።

«ዕዳው አለቀ» አላት፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ።

«ቤታቸውስ?»

«ተለቀቀላቸው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። ከልቧ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተጨንቄ ነበር። ስለነሱ ሁልጊዜ ዱዓ አደርግ ነበር።»

ያሕያ ይህን አልጠበቀም። ተስፋው ድንገት ነፍስ ዘራ።

«ዚነት... አፉ በዪኝ። ተመለሺልኝ። እናትሽም ከእኛ ጋር ይኑሩ። ምንም ነገር አልደብቅሽም!»

እማማ ረህማ ከውስጥ ሆነው «ልጄ፣ ሰውዬው ተጸጽቷል እኮ» አሉ። ዚነት ወደ እናቷ ዞር ብላ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

«አፉ ብዬሃለሁ። ካልኩህም ቆየሁ። እወድሃለሁም... ያ አልጠፋም። ግን አንተ ስትስቅ አባቴን አያለሁ፤ ሻይ ስትጠጣ አባቴን አያለሁ። አብሬህ ብኖር ቀን በቀን ሳላውቅ እበቀልሃለሁ። ያንን አልፈልግም። አንተም እንደዚያ መኖር የለብህም።»

«እችለዋለሁ!»

«እኔ አልችለውም፣ ያሕያ።»

በሽማግሌ ፊት፣ ክፉ ቃል ሳይወጣ ተለያዩ። ሲሰነባበቱ ዚነት ትንሽ አብራው ሄደች። መኪናው ሲመጣ ኮቱ ላይ የነበረ አቧራ በእጇ አራገፈችለት፤ ሚስቱ ሳለች እንደምታደርገው።  ያሕያ ተሳፈረ።

ዳባት ሲደርስ እናቱ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከሩቅ ለዩት።

«ብቻህን መጣህ? ዚነትስ?»

ያሕያ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን በፊት የነገራቸው ዕዳ ስለበዛ ተጣላን ብሎ ነበር። አሁን ሁሉንም ነገራቸው፤ መላክ አቁሚ ማለቱን፣ ደብቆ መላኩን፣ አባባ ባሽር መጥተው የጠጡትን ሻይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን እግር። እናቱ ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያንን ገንዘብ ለባሽር ስጠው እልህ ነበር እኮ ልጄ። የኔ ዓይን ይቆይ ነበር።»

ያሕያ ፊቱን እናቱ ጉልበት ላይ ደፍቶ አለቀሰ።