ሚጡን ማን ጠራት?

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ከሚያምኑት አይደለሁም፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ጸሎት ቤት ያደግሁ ነኝ፣ ሰው ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምር ተነስቼ የምሄድ ነበርኩ፣ ይህን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሞባይል ገና ሶዶ የገባ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ማቴዎስ ለሥራ ቦምቤ የምትባል ትንሽ ከተማ ተመድቦ የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር፣ ልጅ አልወለድንም፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ የሚኖሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት አገራቸው ሊገቡ ነው፣ የውሻቸውንም ቡችሎች ለሰው እየሰጡ ነው ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ቴሪየር የሚሉት ዘር ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ጢማም፣ ፀጉሩ እንደ ቃጫ ሻካራ። ሴትየዋም ውሻዋን ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት፣ ግትር ናት፣ መቆፈር ትወዳለች፣ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጠውን አትውሰጂ፣ ሌሎቹን የምትናከሰውንም ተዪ ብላ መከረችኝ፣ እኔ ስመርጥ አንዷ መጥታ የጫማዬን ክር መጎተት ጀመረች፣ በቃ፣ እሷን ታቅፌ ወጣሁ። ሚጡ አልኳት።

እመኑኝ፣ ልጅ እንኳ እንደዚያ አይያዝም። ያ ፀጉር በመቀስ አይቆረጥም፣ የሞተውን በጣት እየነቀሉ ማንሳት ነው፣ በበላች ቁጥር ጢሟን እጠርጋለሁ፣ ጆሮዋን አያለሁ፣ መዥገር እለቅማለሁ፣ የጎረቤቴን የአስቴርን እንሰት ሥሩን ስትቆፍርባት ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ማቴዎስ ከእኔ እሷን አስበለጥሽ እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ዓመት ገደማ ሲሆናት ጠባይዋ ተለወጠ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጭኔ ዘላ ትወርድና ወደ ጓሮው በረንዳ ትሮጣለች፣ ስትመለስ ፊቷ የጠገበ፣ የተደሰተ ነው፣ እኔን ዞር ብላም አታየኝ። በውሻ ይቀናል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ፣ ያንገበግባል፣ እኔ አጥቤ አበጥሬ ሌላ ሰው ይወደድ? አስቴርን ጠረጠርኩ፣ ግቢያችንን የሚለየን አንድ አጥር ነው፣ ሥጋ እየሰጠች ታባብላታለች ብዬ መጀመሪያ ሰላምታዬን ነሳኋት፣ ኋላ ግን አላስችል ሲለኝ አጥሩ ሥር ቆሜ ውሻዬን ተይልኝ አልኳት።

አስቴር አልተቆጣችም፣ ግራ ነው የገባት። አማርኛ ስታወራ ለሴቱም ለወንዱም «እሱ» ነው የምትለው።

«እሱ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም፣ እህቴ» አለችኝ። «ማታ ማታ ከጓሮ የምትጠሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ድምፅሽን እሰማለሁ።»

እኔ ጓሮ ወጥቼ ጠርቻት አላውቅም አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያካፋ ነበር፣ ገና አልጨለመም። የግቢውን በር ልከፍት እጄን ስሰድ «ሚጡ፣ ነይ የኔ ቆንጆ» የሚል ሰማሁ፣ የራሴ ድምፅ ነው፣ ሰው በቴፕ የተቀዳ ድምፁን ሲሰማ የሚያፍረው ነገር አለ አይደል፣ ልክ እንደዚያ አሳፈረኝ። ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። በረንዳው ላይ ሰው የለም፣ ሚጡ ግን በጀርባዋ ተንጋላ ዓይኗን ጨፍናለች፣ የሆዷ ፀጉር ጣት እንደሚያልፍበት ተኛ ይልና ይነሳል፣ አጠገቧም የተነቀለ ፀጉር ተከምሯል፣ አከማመሩ የእኔው ነው።

መፍራት ነበረብኝ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። ጮክ ብዬ ጠራኋት። ተነሳች፣ እኔን አየች፣ ዞራ ባዶውን ቦታ አየች፣ እንደገና እኔን አየች፣ ከዚያ ጥርሷን ገልጣ አጉረመረመችብኝ። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከበረንዳው የሰው ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሲደክመኝ እንደምተነፍሰው ያለ፣ ወዲያው ሚጡ ጭራዋን ሳትቆላ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች።

ማቴዎስ ድካም ነው አለኝ፣ ቢሆንም ብዙ ሳንቆይ ቤት ቀየርን። አስቴርን ይቅርታ ጠይቄያት ዛሬም እንጠያየቃለን፣ ከጓሮው ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ስላት ግን ወሬ ትለውጣለች።

አዲሱ ቤት ሚጡ ሲመሽ የትም አትሄድም ነበር፣ ከጭኔም አትወርድም። እኔ ግን አሁንም እቀናለሁ፣ ማን ላይ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። ያን ዕለት ወደ እኔ የመጣችው እኔን መርጣ ይሁን፣ ወይስ ያችኛዋ ሂጂ ብላ ልካት፣ እስካሁን አልገባኝም።