መንጋጋው ወይስ ጥርሱ

የሎደሩ መንጋጋ ግንዱን ወገቡ ላይ ነክሶ ብድግ ሲያደርገው ራቢዓ ትንፋሿን ያዘች። ግንዱ ጭቃ እያንጠባጠበ ወደ ላይ ወጣ። ከሥሩ የቀረው ጉድጓድ ውስጥ ቅጠል፣ የተቀዳደደ የማዳበሪያ ከረጢትና የሞተ ፍየል ታየ። ሰው የለም። ድልድዩ ዳር የቆመው ሕዝብ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ራቢዓ ግን ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም፤ የሚፈለገው አባቷ ነበርና።

አባቷ ሰዲቅ የመንደሩ የውኃ አባት ነው። ከሮቢ ወንዝ የሚጠለፈውን ውኃ ለየማሳው የሚያከፋፍል፣ ዛሬ የማን ሽንኩርት ነገ የማን ማሾ እንደሚጠጣ የሚወስን፣ በዚህም የተነሣ ግማሹ መንደር የሚመርቀው ግማሹ የሚያኮርፈው ሰው ነው። ትናንት ማታ ደጋው ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰማና፣ «ድልድዩን እንጨት ይዘጋዋል፤ ውኃው ወደ ቤት ይዞራል» ብሎ ባትሪውን ይዞ ወጣ። አልተመለሰም።

ሲነጋ ድልድዩ አፉ ተወትፎ ተገኘ። ጎርፉ ከላይ ነቃቅሎ ያመጣው ግንድና ጉቶ ተደራርቦ የወንዙን መንገድ ዘግቶታል። ውኃው መሄጃ አጥቶ ከኋላ ተንጣሏል፤ ከወንዙ ዳር ቤቶች የሚለየው አንድ የአፈር ክትር ብቻ ነው። ሌላ ጎርፍ ከመጣ ክትሩን ዘልሎ ቤት ውስጥ መግባቱ ነው።

ሰዲቅ እዚህ ክምር ሥር ነው የተባለው በልዑል ቃል ነው። ልዑል ጎረቤታቸውና የራቢዓ የክፍል ጓደኛ ነው። ጠዋት መንደሩ በተሰበሰበበት፣ «ድልድዩ ድረስ አብሬያቸው ነበርኩ፤ እንጨቱ ላይ ወጥተው ሲነቀንቁ ጎርፉ ደረሰባቸው» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ሎደሩን የላከው ዋናው አስፋልት ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነው። ኦፕሬተሩ ታከለ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ብዙ ንግግር የማይወድ ሰው ሲሆን፣ በጭነት መኪና ሁለት ዓይነት መግጠሚያ አስጭኖ ነበር የመጣው። አንዱ መንጋጋ ነው፤ እንደ አፍ ተከፍቶ ግንድ ነክሶ ያነሣል፤ ምን እንደያዘም በግልጽ ይታያል። ሌላው ጠባብና ረጅም ጥርሳም ባልዲ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ጠልቆ ጉቶን ከነሥሩ መንግሎ ያወጣል። ጉልበት እንጂ ዓይን የለውም። የትኛው ይገጠም የሚለው ነገር ጠዋት ብዙ አጨቃጨቀ። ሎደር በሩቁ ካልሆነ በቅርብ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ኦፕሬተር ሆኖ ዋለ። ጭቅጭቁን የቆረጠው የራቢዓ አጎት ሙሳ ነበር።

«ውስጥ ያለው ወንድሜ ነው» አለ። «ጀናዛ ክብር አለው። በመንጋጋው አንድ በአንድ አንሡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

በዚህ ላይ የተከራከረ አልነበረም። ራቢዓም ብትሆን የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ከቤት ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ይዛት፣ «ወንዝ የበላው ሰው መቃብር የለውም ልጄ። እኔ መቃብሩን እፈልጋለሁ» ብላታለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ሥራው ቆመ። መንጋጋው የላይ የላዩን ግንድ አንሥቶ ሲጨርስ፣ ከሥር አንድ ግዙፍ የሾላ ጉቶ ብቅ አለ። ታከለ ደጋግሞ ሞከረው። መንጋጋው በነከሰው ቁጥር ጉቶው እየተንሸራተተ ያመልጣል። በመጨረሻው ሙከራ የሎደሩ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሡና ሕዝቡ ጮኸ። ታከለ ሎደሩን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው፤ ሞተሩን አጥፍቶም ወረደ።

«አይሆንም» አለ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «መንጋጋ ለተጋደመ ነገር ነው። ይኼ ሥሩን ጭቃው ውስጥ ዘርግቶ ተቀምጧል። በጥርሱ ካልተማሰ አይነቀልም። እሱ ካልተነቀለ ደግሞ ውኃው አይሄድም።»

«ከሥሩ ሰው ቢኖርስ?» አለ ሙሳ።

ታከለ አቀረቀረ። «ጥርሱ እንጨትና ሰው አይለይም፣ ጋሼ። እኔም ላይ ተቀምጬ አይታየኝም።»

መንደሩ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለእንግዳ ሰው ጎርፍ የሚባል ነገር የማይታሰብበት ቀን ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ግን ጠቁሯል። የዚህ አገር ጎርፍ እንዲህ ነው፤ አንተ በሙቀት ስትቃጠል ሌላው አገር የዘነበለትን ይዞብህ ይመጣል። የባጃጅ ሾፌሩ በድሩ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ እየሮጠ ደረሰ።

«ደብረ ሲና ላይ ዶፍ እየጣለ ነው! ሳይመሽ እዚህ ይደርሳል እያሉ ነው!»

ከወንዙ ዳር ቤቶች ፍራሽና ድስት መውጣት ጀመረ። እንዲያም ሆኖ «ጥርሱ ይገጠም» ብሎ የተናገረ የለም። እንዴት ብሎ ይናገራል? ራቢዓ እዚያው ቆማ፣ ማን ደፍሮ? ሰው ሁሉ ሙሳን ያያል፤ ሙሳ ደግሞ ጉቶውን ያያል።

«ራቢ፣ አንዴ ነይ።»

ልዑል ነበር። ከጭነት መኪናው ጀርባ ወሰዳት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«አልነበርኩም።»

«የት?»

«ድልድዩ ጋ። ማታ አባትሽ በራችን ላይ መጥተው፣ ‹ልዑል፣ ና ባትሪ ያዝልኝ› አሉኝ። ‹እሺ ጋሼ፣ መጣሁ› አልኩ። ኳስ እያየሁ ነበር፣ በስልክ። አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል እያልኩ ቀረሁ። እንዲህ ዓይነት ጎርፍ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

«እንጨቱ ላይ ሲወጡ አየሁ ያልከውስ?»

«ጠዋት ሁሉም ‹ማን አየው፣ ማን አየው› ሲል ሼም ያዘኝ። መጥተው እንደጠሩኝ እናቴ ሰምታለች። ቀረሁ ከምል አብሬያቸው ነበርኩ አልኩ። ቀጥለው ‹የት ጋ ነው ያየኸው?› አሉኝ። የሆነ ቦታ መጥራት ነበረብኝ።»

ልትመታው እጇን አነሣች፤ ግን መልሳ ጣለችው። በጥፊ የሚወጣ ንዴት አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ መንደሩ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሲውል፣ አባቷ ምናልባት ውኃው ወደ ታች ወስዶት፣ የሆነ ቁጥቋጦ ይዞ ሲጣራ ውሎ ይሆናል። ወይም ደግሞ እዚሁ ጉቶው ሥር ይሆናል። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም።

«ሂድና ንገራቸው።»

«ይገድሉኛል ራቢ፣ በናትሽ! አሁን ብናገር ምን ይለወጣል? ምናልባት እዚህ ሊሆኑ ይችላሉ እኮ። ምናልባት በመንጋጋው ቀስ እያሉ…»

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ልዑል «ምናልባት» ባለ ቁጥር የራቢዓ ልብም እንደዚያው ተወሰደ። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሙሳ በመንጋጋው እንደጸና ይውላል። አባቷ ሙሉ ገላውን ሆኖ ይወጣ ይሆናል፤ እናቷም መቃብር ታገኛለች። ከተናገረች ግን ጥርሱ ይገጠማል። ጥርሱ ደግሞ… ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ለማለት ወስና ነበር።

ከመኪናው ጀርባ ስትወጣ እትዬ ፍሬሕይወትን አየች። ቤታቸው ከክትሩ ሥር ነው። በጋውን ሙሉ ለሽንኩርታቸው ተራ ከአባቷ ጋር ሲነታረኩ የከረሙ ሴት ናቸው፤ እንዲያውም አንድ ቀን «የውኃ አባት ሳይሆን የውኃ እንጀራ አባት!» ብለውት መንደሩ ሁሉ ስቋል። አሁን ከሁለት ጎረምሶች ጋር ሆነው መራመድ የማይችሉትን እናታቸውን በአልጋ ተሸክመው ለማውጣት ይታገላሉ። በሩ ጠበባቸው። አሮጊቷ፣ «ተዉኝ፣ እናንተ ውጡ» እያሉ ይለምናሉ።

አባቷ ማታ ሲወጣ ስለ ማን ቤት ነበር የተናገረው? ስለ ራሳቸው አይደለም። የእነሱ ቤት ከፍታ ላይ ነው፤ ውኃ ደርሶበት አያውቅም።

ራቢዓ ሰዉን እየጣሰች አጎቷ ጋ ደረሰች።

«አጎቴ፣ ልዑል አባዬን አላየውም። ማንም አላየውም።»

ሙሳ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ዞሮ ልዑልን ፈለገው። ልዑል ሳይሸሽ ከኋላዋ ቆሟል።

«እውነት ነው?»

«ቤት ነበርኩ» አለ ልዑል።

የሙሳ ዱላ ወደ ላይ ተነሣ። ግን ተመልሶ ወረደ። ለመማታትም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የለም።

«በድሩ!» ብሎ ተጣራ። «ወጣቶቹን ይዘህ በወንዙ ግራና ቀኝ ወደ ታች ውረዱ። ቁጥቋጦውን ሁሉ እየገለጣችሁ፣ ስሙን እየጠራችሁ! ይኼንንም ልጅ ይዛችሁት ሂዱ። ዓይን ካለው አሁን ይይበት።»

ወጣቶቹ ሮጡ። ራቢዓ እግሯ አብሯቸው ሊሮጥ ፈለገ፤ ተስፋ ካለ ያለው በዚያ በኩል ነው። ሙሳ ክንዷን ያዛት።

«እዚህ ቢሆንስ?» አላት ቀስ ብሎ። «እዚህ የለም ብሎ የነገረን ሰው የለም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «አባዬ የወጣው ሰው ቤት ውኃ እንዳይገባ ነው። እኛ እሱን እንጠብቃለን ብለን እነ እትዬ ፍሬሕይወትን ውኃ ቢወስዳቸው ምን ይለናል? ጥርሱን ይግጠሙት።»

ሙሳ ፊቱን በኩታው ጫፍ ጠረገና ወደ ታከለ ዞረ።

«ግጠመው።»

መንጋጋውን የያዙት ወፋፍራም ብረቶች በመዶሻ እየተመቱ ወጡ። ሰዉ ሥራ በማግኘቱ እፎይ ያለ ይመስል ባልዲውን ከመኪናው ላይ ለማውረድ ተረባረበ። ሲገጠም ያለው ጊዜ ለራቢዓ አጭርም ረጅምም ሆነባት። ደጋው ላይ የነበረው ጥቁረት ወደ ቆላው እየወረደ ነበር።

ታከለ ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት ሰዎቹን ዞር ብሎ አያቸው። «አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ጥርሱ የሚያወጣውን ይይልኝ። የሆነ ነገር ካየ እጁን ያንሣ፤ እዚያው ላይ አቆማለሁ።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማየት የፈለገ የለም።

«እኔ እቆማለሁ» አለ ሙሳ።

«አንቱ የለበሰውን አያውቁትም» አለች ራቢዓ። «እኔ ነኝ ያጠብኩለት።»

«አንቺ ወደ እናትሽ ሂጂ! ይኼ የልጅ ሥራ አይደለም።»

«አውቃለሁ አጎቴ» አለች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ሙሳ መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

ሎደሩ ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ራቢዓ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና እግሮቿን ጭቃው ላይ አደላደለች። ቀኝ እጇን ለማንሣት ዝግጁ አድርጋ ጎኗ ላይ ያዘች። ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። ከጋቢናው ውስጥ ታከለ ምልክቷን ይጠብቃል።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀችለት። ጥርሱ ወረደ።