ፀሐይ ስትወጣ፣ በአስራ አምስት

ሶልሚና ኬይጎ መጀመሪያ ዓይን ለዓይን የተያዩት እኔ ስሳደብ ነው። ዛሬ ያንን ነው የምነግራችሁ።

ስሜ ማልሱን ይባላል። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአስራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በጄጁ ደሴት ባሕር እየጠለቅሁ የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር ቅጠል እያወጣሁ ኖሬያለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ ነው። አጻጻፌን የሚነቅፍ ካለ፣ መጀመሪያ ትንፋሹን ሁለት ደቂቃ ይዞ አስር ሜትር ወርዶ ይመለስና እንነጋገራለን።

ሶልሚ ተከራዬ ናት። ከዋናው ምድር መጥታ እዚህ ደሴታችን ላይ ሳተላይት ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የገባች፣ ቀጭን፣ የሚበላ ሲቀርብላት መጀመሪያ ቴርሞሜትር የምትከትበት የምትመስል ልጅ። እኔን «ሳምቹን» ትለኛለች። በደሴታችን ታላቅ የሆነ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሳምቹን ነው።

አንድ ቀን ሥራዋን ጠየቅኳት። አለመጠየቅ ይሻለኝ ነበር።

«ሳምቹን፣ የኛ ሳተላይት የባሕሩን ሙቀት ትለካለች። የጃፓንም ትለካለች። የቻይና፣ የህንድ፣ የአውሮፓም እንደዚያው። ሁሉም የየራሱን ቁጥር ቢናገር ማን ያምነናል? ስለዚህ በየቀኑ እያስተያየን እንተራረማለን።»

«ባሕሩ መሞቁን ለማወቅ ይሄ ሁሉ ጣጣ?! እኔ እግሬን ነክሬ እነግራችኋለሁ! ቅጠሉ በየዓመቱ እያለቀ አይደል እንዴ?»

«እርስዎ ያውቃሉ። ዓለም እንዲያምን ግን ሁላችንም አንድ ቃል መናገር አለብን።»

ተናድጄ ቅርጫቴን አነሳሁ።

ሰዓታቸውስ ብትሉ! የየአገሩ የሳተላይት ሰው እንዳይጣላ ሁሉም በአንድ ሰዓት ነው የሚጽፈው፤ ያ ሰዓት ግን የኛ አይደለም። በደሴታችን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሞላ ነው ለነሱ አዲስ ቀን የሚገባው። ሰው ቁርሱን በልቶ ሳህኑን ካጠበ በኋላ! «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ስላት፣ «የኛ ነው የቢሮው?» ትለኛለች። ይሄ ጤና ነው?

ኬይጎ ደግሞ በጃፓን በኩል የሷን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። የሷን ቁጥር ከሱ ቁጥር ጋር ያስተያያል። አንድ ክረምት የኛዋ ሳተላይት ታመመችና ዓይኗ ጠፋ። በስምምነታቸው መሠረት የጃፓኗ ለኛም አየችልን። እነዚያን ስድስት ቀናት እሱም አልተኛ፣ እሷም አልተኛች። በጽሑፍ ብቻ ሲያወሩ ሰነበቱ። መልኩን ግን አታውቀውም ነበር።

በጸደይ ከአራት አገር የተውጣጡ ሰዎች በጀልባ መጡ። የሳተላይቶቹን ቁጥር ከራሱ ከውሃው ጋር ለማመሳከር ተንሳፋፊ መለኪያ ባሕራችን ላይ ሊያስሩ። የት አሰሩት? የመንደራችን ጠላቂዎች አምስት ዓመት የጠበቅነው የባሕር ቅጠል ላይ! እኔ ከስር ብቅ ስል መልሕቁ በጆሮ ግንዴ አለፈ።

«አንተ! ዓይን የለህም? ከሰማይ ሆናችሁ ባሕር ታያላችሁ፣ እግራችሁ ስር ያለውን አታዩም?»

ገመዱን የያዘው ረጅም ሰውዬ ደነገጠ። ይቅርታ ብሎ ሲያጎነብስ፣ ጎንበስ፣ ጎንበስ፣ እንደገና ጎንበስ... ሄዶ ባሕር ውስጥ ተደፋ!

ሶልሚ ከባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ሮጣ ወርዳ እጇን ዘረጋችለት።

«ኬይጎ ነህ?»

«ሶልሚ... ነሽ?»

ውሃ በአፍንጫው እየወረደ፣ ቅጠሌ በአንገቱ ተጠምጥሞ፣ እጇን ይዞ ቆመ። እሷም አልለቀቀችውም። ስለ ቅጠሉ ማንም ያነሳ የለም!

ከዚያ በኋላ በየአጋጣሚው ይመጣ ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔ አልወደድኩትም። «ቅጠሌን አበላሸ» እል ነበር፤ «ሲበላ ድምፅ የለውም፣ ሌባ ይመስላል» እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ልጄን ባሕር ከወሰደብኝ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ሶልሚ ጠዋት ጠዋት «ሳምቹን፣ ዛሬ ነፋስ አለ፣ አይውረዱ» ስትለኝ፣ እየሰደብኳት እሰማታለሁ። እሱ ደግሞ ሊወስዳት ነው። ይኸው ነው።

በሦስተኛው ጸደይ ኬይጎ ጄኔቫ ተመደበ። የአገሮቹን ሁሉ ሳተላይት የሚያስማማ ቢሮ አለ አሉ፤ እዚያ አራት ዓመት። ለሶልሚ በእጁ ደብዳቤ ጻፈላት። በኋላ እኔም አንብቤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«በአስራ አምስት ፀሐይ ስትወጣ በባሕሩ ግንብ ላይ እጠብቅሻለሁ። አብረሽኝ ሁኚ ልልሽ ነው። ከመጣሽ ጄኔቫም ቢሆን፣ እዚህም ቢሆን፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል። ካልመጣሽ መልስሽ ገብቶኛል። አልጨቀጭቅሽም።»

እኔ ስለ ደብዳቤው አላውቅም ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአስራ አምስት፣ ወደ ባሕር ስወርድ ግንቡ ላይ አገኘሁት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ ለጥፎ ተቀምጧል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው፣ ሳምቹን።»

«ሳምቹንህ አይደለሁም። ቤቱ ያው፣ ለምን አታንኳኳም?»

«አልጫንሽም ብያታለሁ። ደስ ካላት ትመጣለች።»

ሶልሚ ከሌሊት ጀምሮ ሥራ ላይ እንደነበረች አውቃለሁ። አንድ ቃል ብነግረው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩት?

«የሚጠበቅ ሰው ካልመጣ አልፈለገህም ማለት ነው።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝ። ጠልቄ ስወጣ እዚያው ነው። እንደገና ጠልቄ ስወጣ እዚያው ነው። ቀትር ላይ ቀና ስል ግንቡ ባዶ ነበር። ለሶልሚ ምንም አልነገርኳት።

በማግስቱ ዓርብ ገና ሳይነጋ ለጆሮዬ ሐኪም ቤት ወደ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ሶልሚ ሰማያዊ ቀሚሷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ተኝታለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ነው።»

ጉንፋኑ አስራ ሁለት ቀን ቆየ! አትበላም፣ አታወራም። ዓሣ አበስላለሁ፣ ትነካካዋለች። ገንፎ እሠራለሁ፣ ታየዋለች። በመጨረሻ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩት።

«ወይ ብይ፣ ወይ ተናገሪ! እኔ አስከሬን አላከራይም!»

ያኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኬይጎ... በአስራ አምስት ፀሐይ ስትወጣ እጠብቅሻለሁ ብሎ ቀረ። ጄኔቫ ገብቷል። ሐሳቡን ከለወጠ ምናለ አንድ መስመር ቢጽፍልኝ?»

ጭልፋው በእጄ ቀረ።

«ቀረ? እስከ ቀትር ተጎልቶ አልነበር እንዴ?»

«መቼ?»

«በአስራ አምስት ነዋ! ሐሙስ!»

«ሳምቹን፣ አስራ አምስት ዓርብ ነው።»

«ዓርብ አስራ ስድስት ነው! ሐኪም ቤት የሄድኩበት ወረቀት አለኝ!»

«አይ፣ ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ገና አስራ አምስት ነው። አስራ ስድስት የሚገባው እኮ ሦስት ሰዓት ሲሞላ...»

አፏን በእጇ ያዘች።

ገባኝ። እኔ መሃይሟ ገባኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ የተጻጻፉት በቢሮ ቀን ነው። እሱ አንድ ጊዜ ከልቡ ሊጽፍ ብሎ በሰው ቀን ጻፈ፤ እሷም እንደለመደችው በቢሮ ቀን አነበበች። የምድርን ሙቀት ከሰማይ የሚለኩ ሁለት ምሁራን፣ ጎረቤቴ ያለችው እብድ እንኳ የማትሳሳተውን!

ከዚያ ሶልሚ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እርስዎ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

መዋሸት እችል ነበር። ረሳሁት ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

«ደስ ብሎኝ ነው። የምትቀሪልኝ መስሎኝ።»

ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን እንኳ ጮክ አድርጋ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከበሩ ውጭ ሆኜ «ደውዪለት» አልኳት።

«ፈርሟል፣ ሳምቹን። ሥራውን ጀምሯል። አሁን ብደውል ላውከው ነው። ካልመጣሽ ገብቶኛል ብሏል፤ ገብቶታል። አለቀ።»

«ምኑ ነው የገባው?! ምንም አልገባውም!»

«ይተውኝ፣ እባክዎን።»

እሱ አልጨቀጭቅም ይላል፣ እሷ አላውክም ትላለች። እንዲህ ተከባብረው ተከባብረው ሊሞቱ ነው! በኛ ጊዜ ሰው ሲዋደድ ይጮህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከባሕር ስመለስ ከክፍሏ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ስብሰባ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ከስምንት አገር የመጡ ፊቶች በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። ከነሱ መሐል አንዱ ኬይጎ ነው። ከስቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«የሁለቱ ሳተላይቶች ልዩነት ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበር?» አለች የስብሰባዋ መሪ፣ ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ። የሚሉትን ሶልሚ በኋላ ነው የተረጎመችልኝ።

«ትንሽ ነው» አለች ሶልሚ።

«ትንሽ ነው» አለ ኬይጎ።

አንዳቸው አንዳቸውን አያዩም! ከዚህ በላይ ልታገስ አልቻልኩም። የላስቲክ ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ ገባሁና ፊቴን ኮምፒውተሩ ላይ ደቀንኩት። በወጣትነቴ የጃፓን ደሴት ቱሺማ ሄጄ አራት በጋ ጠልቄያለሁ፤ የጃፓን ስድብ ከዚያ ተርፎኛል።

«አንተ ደንቆሮ! መጥታለች! በማግስቱ፣ በናንተ በተረገመው የቢሮ ቀን በአስራ አምስት፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች! አስራ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም! አንተን ያየሁህ እኔ ነኝ፣ የደበቅኩባትም እኔ ነኝ። ልትሰድበኝ ከፈለግህ መጥተህ ስደበኝ!»

አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ «ይቅርታ፣ ይህ ስለ ባሕሩ ሙቀት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሶልሚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ኬይጎ ግን ቆሟል። ከሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ሸሚዙ ብቻ ነው።

«ሶልሚ... ቀኑን በቢሮ አቆጣጠር አነበብሽው?»

«በሌላ ጽፈህልኝ ታውቃለህ?» እጇን ከፊቷ አወረደች። «ሦስት ዓመት! አንድ ቀን በሰው ቀን ጽፈህልኝ ታውቃለህ?»

«በእጄ የጻፍኩት እኮ ለዚህ ነው! ፍቅር በቢሮ ሰዓት አይጻፍም ብዬ!»

«ታዲያ እሱን አትጽፈውም?!»

ጮኸች! አምላኬ፣ ሶልሚ ጮኸች! እሱም እያለቀሰ ሳቀ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ነጭ ጸጉሯ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የዕለቱን አጀንዳ ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይቻላል» አለች። መነጽራሙ ሰውዬ እንዳይዘጋ ለመነ፤ መጨረሻውን ሊሰማ።

«ልምጣ?» አለ ኬይጎ።

«ና» አለች።

በአራተኛው ቀን መጣ። እኔ በር ከፈትኩለት። ሊሰድበኝ ተዘጋጅቼ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩ። እሱ ግን ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ፣ እንደገና ጎንበስ...

«ይበቃል! ደጃፉ ደረጃ አለው፣ ትወድቃለህ!» አልኩት።

ከኋላዬ ሶልሚ ገፍታኝ አለፈች። የሆነውን አልነግራችሁም፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ብዙ ደቂቃ ነው ያዞርኩት። ወገቤ እስኪታመም!

በመስከረም ሶልሚ እዚያው ጄኔቫ ቢሮ ሥራ አገኘች። ሻንጣዋን ስታስር ካልሲዎቿን እጥፍጥፍ እያደረግኩ አቀብላታለሁ።

«ሳምቹን፣ ይቅር ብዬዎታለሁ።»

«መቼ ነው ይቅርታ የጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቁኝም። ጠብቄ ጠብቄ ሲደክመኝ ነው።»

ካልሲውን ጣልኩና አቀፍኳት። አጥንት ብቻ ናት ልጅቷ።

«ሂጂ» አልኳት። «ጮክ ብላችሁ ተጣሉ። ዝም እንዳትባባሉ።»

ሄደች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን አስራ አንድ ሰው ጠይቆኛል። ለሁሉም የተያዘ ነው እላቸዋለሁ። «በማን?» የሚለኝ ካለ፣ «አንተ ምን አገባህ!» ብዬ በሩን እዘጋለሁ።