ትራክተሩ ጉልበት ያጣ ሰሞን

ፍልቅልቅ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እንዲህ ያሏት ሳቅ ከፊቷ ስለማይጠፋ ነው። ቤታቸው እርሻው ዳር ነበር፤ ጣሪያውን ዝገት በልቶታል። ከቤቱ ጎን የአባቷ ትራክተር ይቆማል። ትራክተሩ አሮጌ ነው። ልጆች፣ በዕድሜ እኔን ሳይበልጠኝ አይቀርም! ምን ያስቃችኋል?

ፍልቅልቅ አንድ ሥራ ነበራት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለነገ የሚሆነውን ናፍጣ ከበርሜል እየቀዳች ትራክተሩ ውስጥ ትሞላለች። የበርሜል ናፍጣ ቆሻሻ ስለማያጣው በጨርቅ ማጥለል አለባት።

“ጨርቁን አፉ ላይ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እሺ የኔ ልጅ?” ይላታል አባቷ ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ጓደኞቿ ከውጭ ጠሯት። “ገመዱን ይዘናል፣ ነይ እንጂ!”

ቸኮለች። ጨርቁን ሳታስር ጣል አድርጋ ናፍጣውን ገለበጠችው። ጨርቁ ሸርተት ብሎ ናፍጣ የሚሞላበት ሰልባትዮ ውስጥ ገባ። እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችበትም። ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። ክዳኑን ገጠመች፣ መጥፋቱ እንዳይታወቅባት ሌላ ጨርቅ በቦታው ምስማር ላይ ሰቀለች፣ ወደ ጨዋታዋም ሮጠች። አያችሁ፣ ሌላ ጨርቅ መስቀሏ ነው የባሰው።

በማግስቱ ትራክተሩ ያለ ችግር ተነሳ። ማረሻው መሬት ሲነክስ ግን ሞተሩ ጉልበት አጣ። አቃሰተ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ትንሽ ሲያርፍ ደህና ይሆናል፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይደክማል።

አባቷ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ለውጥ የለም። የናፍጣውን ፊልትሮ ቀየረ። ያው ነው። ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። ዝናቡ ከቀደማቸው መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳይዘራ ሊቀር ነው።

መካኒኩ አጎቷ ተጠራ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። ባለፈው ሳምንት የናፍጣ ፓምፑን ፈቶ የገጠመው እሱ ነበር። እንደገና ፈታው፣ እንደገና ገጠመው። ትራክተሩ አሁንም ደከመ።

“ጋሼ፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው!” አለ አባቷ በንዴት። “እጅህ አርጅቷል። ሁለተኛ ትራክተሬን እንዳትነካ!”

አጎቷ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ሄደ። ፍልቅልቅ በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልትናገር ፈለገች፤ ግን ፈርታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሦስት ቀን አለፈ። አጎቷ ቤታቸው ድርሽ አላለም። ፍልቅልቅ ምግብ አልበላ አላት፤ ሳቋም ጠፋ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለጸሎት ተንበረከከች። “ይቅር በለን” የሚለው ላይ ስትደርስ መቀጠል አቃታት። ልጆች፣ እግዚአብሔር እንዲህ ልባችሁን ሲነካ አትሽሹ።

ተነስታ አባቷ ዘንድ ሄደች። “አባዬ፣ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። እኔ ነኝ” አለችና አለቀሰች።

አባቷ ናፍጣውን አስቀድቶ ጨርቁን በሽቦ ጎትቶ አወጣው። ለካ ሞተሩ ሲሠራ እየተሳበ መጥቶ የናፍጣውን መውጫ ይደፍን ኖሯል! ትራክተሩ የድሮ ጉልበቱ ተመለሰለት። ግን ማረሻው ሳይታሰር ዝናቡ ወረደ። ያን ዓመት መሬቱ ጦሙን አደረ።

አባቷ አልመታትም። “ጋሼን በምን ዓይኔ ነው የማየው?” አለ ብቻ። እጇን ይዞ በዝናብ ወደ አጎቷ ቤት ወሰዳት።

አጎቷ የሚሠራበት ጋራዥ ተዘግቷል። እሱን ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። የመፍቻ ሳጥኑን በገመድ አስሮታል፤ ለሌላ መካኒክ ሊሰጠው ነበር።

“ጋሽዬ፣ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለችው እግሩ ሥር ወድቃ። አባቷም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።

አጎቷ ሁለት እጆቹን አገላብጦ አያቸውና እንባው መጣ።

“እኔ እኮ እውነት እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር” አለ። “ተነሺ ልጄ፣ ሁለታችሁንም ይቅር ብያለሁ።”

ልጆች፣ እናንተ የደበቃችሁትን ጥፋት ሌላ ሰው ተሸክሞት ይሰቃያልና፣ ሳይውል ሳያድር “እኔ ነኝ” በሉ።