ያልደረቀው ውታፍ

ወዳጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፤ እኔ ጋኔን፣ ዛር፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቧንቧ ስዘረጋ ከመሬት በታች ያገኘሁት ጭቃ፣ ዝገትና የሰነፍ ባለሙያ ሥራ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ካለ የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ ማለት ነው፣ አለቀ። እንጅባራ እትዬ ዘርፌ ቤት የገጠመኝን ግን እንዲህ ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፣ ስለዚህ ስማኝና ከፈለግህ ሳቅብኝ።

እትዬ ዘርፌን አልወዳቸውም ነበር፣ እሳቸውም አይወዱኝም። መንገዱ ሲሰፋ ቤታቸው ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደገና ሲሠራ የቧንቧውን መስመር ያዞርኩላቸው እኔ ነኝ፣ “አጠማመምከው፣ እጅህ ምን ሆኗል” እያሉ ሲነዘንዙኝ ዋሉና አንጀቴ አረረ፣ አሮጌውን መስመር ቆርጬ መጣል ወይም ጫፉን በብረት ክዳን መግጠም ሲገባኝ፣ ከአጥራቸው የባሕር ዛፍ ቁራጭ ጠርቤ፣ በቀይ የጎማ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቧንቧው አፍ ውስጥ ውታፍ አድርጌ በመዶሻ ቀርቅሬ አፈር መለስኩበት። አትፍረድብኝ፣ በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበር የምናደርገው፣ እንጨቱ ሲርስ አብጦ የባሰ ይጠብቃል እያልን።

በሁለተኛው ዓመት የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ማላብ ጀመረ። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ከራሰ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ እዚያው ሥር ደግሞ ባለቤታቸው ጋሽ ቢተው ተኝተዋል፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸውና አንደበታቸው ከተዘጋ የቆዩ ሽማግሌ። ግድግዳውን ሳየው ያ ውታፍ ትዝ አለኝ፣ አፌ ግን “ከጎረቤትዎ ነው፣ የአቶ ዋሴ መስመር ነው የሚያፈሰው” አለ። በሳምንቱ ሁለቱ ቤቶች በአጥር ላይ ተሰዳድበው ሰላምታ አቆሙ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘርፌ ደወሉልኝ። “ቤቴ ሊወድቅ ነው፣ አሁኑኑ ና!” አሉና ዘጉት። ስደርስ ግድግዳው እስከ ጋሽ ቢተው ትራስ ድረስ ጠቁሯል፣ ጭቃው በጣት ሲነካ ይሰምጣል።

“ፈረቃችን አልደረሰም፣ ውኃ ካየን አምስተኛ ቀናችን ነው” አሉ እትዬ ዘርፌ፣ “ታዲያ ይኸ ኸየት ይመጣል? ዋሴ በባልዲ እየደፋብኝ ነው?”

እውነታቸውን ነው፣ ዝናቡም ካቆመ ከርሟል፣ ቧንቧውን ብከፍተው ትንፋሽ እንኳ የለውም። ለማንኛውም ብዬ ቆጣሪው ላይ ያለውን መዝጊያ ጠርቅሜ ዘጋሁና፣ ገብቼ የብረት ዘንጌን አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። የሚያፈስ ቧንቧ ሳያቋርጥ ሹሽ ይላል፣ ይሄኛው ግን፣ እመነኝ፣ ይጎነጫል፣ ይጎነጭና ያርፋል፣ ደግሞ ይጎነጫል።

ወጥቼ ቆጣሪው አጠገብ ቧንቧውን በመፍቻ ሦስት ጊዜ መታሁት፣ መስመር የምንፈልገው እንዲህ ነው፣ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ጫፉ ላይ ሆኖ ይሰማል፣ እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከመኝታ ቤቱ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብሎ መለሰልኝ። ሮጬ ብገባ የጋሽ ቢተው እጆች ከብርድ ልብሱ ሥር ናቸው፣ እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመው “ምን ስድስት ጊዜ ትደበድባለህ?” ይሉኛል።

“እትዬ፣ ጋሽ ቢተውን ወደ ሳሎን እናውጣቸው” አልኩ።

“በዚህ ብርድ? ኸዋሴ ወገን ነው ብለኸኝ የለ? እዚያ ሄደህ ቆፍር!”

“ጥፋቱ የእኔ ነው” ብል ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አላልኩም፣ ዶማዬን ይዤ ውታፉን ወደቀበርኩበት ሄድኩ። ሣር በቅሎበታል፣ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዟል፣ ማንም አልነካውም፣ እስከ ጉልበቴ ብቆፍር አፈሩ ደረቅ ነው። ቧንቧው ጋ ስደርስ አፉ ክፍት ነው፣ ውታፉ የለም፣ ጠብታም የለም። መዳፌን ባስጠጋ አየር ወደ ውስጥ ይስባል።

ያኔ እትዬ ዘርፌ ጮኹ። ስገባ የጋሽ ቢተው ቀኝ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፣ ያ የማይንቀሳቀሰው፣ ተጨብጧል፣ በጣቶቹ መሀል ውኃ ይንጠባጠባል። እትዬ ዘርፌ አንድ በአንድ ጣቶቹን ፈለቀቁ። ውታፌ ነው፣ ቀዩ ላስቲክ እንደተጠቀለለበት፣ የመዶሻዬ ምት እንዳለበት።

“ይኸ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“አላውቀውም” አልኩ።

ጋሽ ቢተው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፣ እንደዚያ የጠላኝ ሰው አላውቅም። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከነአልጋቸው አንስተን እየጎተትን አወጣናቸው፣ የአልጋው እግር ደጃፉን እንዳለፈ ግድግዳው ትራሱ በነበረበት ቦታ ላይ ተናደ። ከፍርስራሹ አንድ ጓል አንስቼ በእጄ ፈረፈርኩት፣ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ደርቋል።

አቶ ዋሴ ድምፁን ሰምተው አጥሩን ዘልለው ለእርዳታ መጡ። እትዬ ዘርፌ ቋጥኝ የሚያህል ጓል አነሱባቸው፣ “ባሌን ልትገድልብኝ!” እያሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ “ንገረው እንጂ! ኸሱ ወገን ነው አይደል?”

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አዎ ብዬ። ከእግሬ ሥር፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ውታፉን ሳያዩኝ ኪሴ ከትቼ ወደምኖርበት ዳንግላ ተመለስኩ፣ ዛሬም የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ከሰል አጠገብ አሳድሬዋለሁ፣ አልደርቅ አለ። ሁለቱ ቤቶች አሁንም አይነጋገሩም፣ እውነቱን ልነግራቸው ብዬ መናኸሪያ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እወርዳለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዳንግላ አንዲት ደንበኛዬ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አሳይታኝ “አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?” ስትለኝ፣ ለምዶብኝ “እኔ አይደለሁም” አልኳት። ሳጥኔ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ልክ እንዳልሰማ ሰው ሥራዬን ልቀጥል ስል፣ ሴትዮዋ ሳጥኑን እያየች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።