አለቃ በሕይወት አለ

ልብስ ሰፊዋ ያን ሰሞን ባስታወሰች ቁጥር ቀድማ የምታመሰግነው አንድ ጥቁር ውሻ ነው።

ውሻው የአባቷ ነው፤ ስሙ አለቃ ይባላል። ስሙን ያወጡለት አባቷ ራሳቸው ናቸው፣ ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድር በደንብ ከገባቸው በኋላ።

አባቷ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሳይቆይ መደረግ አለበት ብለዋል። ሰውየው ግን «አለቃ ሞቷል፤ ደብቃችሁኝ ነው። እውነቱን ካልነገራችሁኝ ቢላዋ አይነካኝም» ብለው ድርቅ አሉ።

«እኔስ የለሁም እንዴ አባዬ?» አለች ልጃቸው ሆድ ብሷት።

«አንቺማ ነገ ጎጆ ትወጫለሽ። የጡረታ ጓደኛዬ እሱ ነው።»

ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ቡችላዋን መኪና ሲገጭባት፣ «ገጠር ዘመድ ቤት ሄዷል፤ እዚያ እንደ ልቡ ይሮጣል» ብለው ያባበሏት እሳቸው ነበሩ። ዘዴዋን ያውቋታል።

ፎቶ ታሳያቸዋለች። ግን ቤቱ ጨለም ያለ፣ ውሻው ጥቁር፣ ስልኳም አሮጌ ነው። የሚወጣው ሁለት አረንጓዴ ዓይን ያለው ጨለማ ብቻ ነው። ጥርት ብለው የወጡትን ደግሞ «የአምና ናቸው» ይሏታል። ድምፁን በስልክ እንዳታሰማቸው፣ አለቃ እሳቸው ከሄዱ ወዲህ አፉን ዘግቷል። ከወንበራቸው ሥር ተኝቶ በር በሩን ያያል፤ ለጉዳዩ ካልሆነ ውጪ አይወጣም።

ቢጨንቃት ከመንገዱ ማዶ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳውን ወጣት ለምና ቤቷ አመጣችው።

«አታስቢ እህቴ፤ አንዴ ብልጭ ማድረግ ነው» አላት።

አንዴ ብልጭ አደረገ። አለቃ የክር ሳጥኗን ገልብጦ አልጋ ሥር ገባ፣ በልመናም በሥጋም አልወጣ አለ። የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ።

«አንሳልኝ አልኩህ እንጂ አስበርግግልኝ አልኩህ?»

ወጣቱ መሬት ላይ የተበተነውን ክር አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ይቅርታ ብሎ ሄደ። ዛሬ ያንን ብልጭታ ሳይቀር ታመሰግነዋለች፤ የመጀመሪያው ፎቶ ቢሳካ ኖሮ ሁለተኛ አይመጣም ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

«ብልጭታውን ሱቅ ትቼው መጣሁ» አለ ፎቶ አንሺው። «ከፈቀድሽልኝ በመስኮቱ ብርሃን ልሞክር።»

ልትዘጋበት ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ሐፍረት አሳዘናትና አስገባችው።

የቤቱ መስኮት አንድ ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ የጎረቤት ነጭ ግድግዳ አለ፤ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ አርፋ ለስልሳ ትመለሳለች።

«ብርሃኑ ከሁሉ የሚሻለው መቼ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ዓይኔን ሳላጨናብስ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባበት ሰዓት ነዋ። አሁን።»

«እንግዲያው አምፖሉን አጥፊልኝ፤ ቢጫው ከመስኮቱ ጋር አይስማማም።»

«ልታነሳው ነው ልታስተኛው?»

ሳቀ። ሳቁ ሳታስበው እሷንም አሳቃት።

የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርገው የአባቷን ሹራብ መስኮቱ ሥር አነጠፉ። አለቃ መጥቶ አሽትቶት ተኛበት። ፎቶ አንሺው በሆዱ ተኝቶ ከውሻው ዓይን እኩል ሆነ። ከመስኮቱ በተቃራኒ ያለው የውሻው ጎን ግን ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ነጭ አቡጀዲዋን በዚያ በኩል ወጥራ እንድትይዝለት ለመናት። ብርሃኑ ከጨርቁ ሲመለስ የአለቃ ፀጉር ዘለላ በዘለላ ታየ።

«ካሜራ ጥቁር ሲያይ ይደናገጥና አመድ ያስመስለዋል» አላት ካሜራውን እየነካካ። «እኔ ነኝ የማረጋጋው።»

አለቃ ብድግ ብሎ መጣና የካሜራውን መስታወት ላሰው። የዚያን ቀን ሥራ በዚሁ አበቃ።

አለቃ እንዲህ በየቀኑ ሥራውን እያበላሸ፣ ወጣቱ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መምጣቱን ለመደው። እሷም ከመምጣቱ በፊት ቤቱን መጥረግ፣ ቀሚስ መምረጥ ጀመረች። ለውሻ ፎቶ ቀሚስ መምረጥ ምን የሚሉት ነው ብላ ራሷን ትቆጣና መልሳ መስታወት ታያለች። የሚያናድዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መምጫው «እንዴት አደርሽ እህቴ»፣ መሄጃው «ደህና ዋይ እህቴ»።

አንድ ጠዋት አለቃ ቀና ብሎ፣ ዓይኑ ውስጥ መስኮቱ እየበራ ፎቶ ተነሳ። እንደ እሱ ያለ ፎቶ አይታ አታውቅም። ደስታዋ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ።

«ይህንንም አባዬ የአምና ነው ቢለኝስ?»

ፎቶ አንሺው አሰበ። «እሳቸው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ የተለወጠ ነገር የለም?»

እጇ ወደ ራሷ ሄደ። «ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። ለማበጠር ጊዜ አጣሁ።»

«በይ አንቺም አብረሽው ተነሺ፣ እህቴ።»

«እህትህ አይደለሁም» አለች፣ ከአፏ አምልጧት።

ካሜራው ዝቅ አለ። አለቃ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ።

«አይደለሽም» አለ ቀስ ብሎ። «የምልሽ ፈርቼ ነው።»

ሄዳ መሬት ላይ ከውሻው አጠገብ ተቀመጠች፣ ክንዷን አንገቱ ላይ ጣል አድርጋ ቀና አለች። ያኔ አነሳቸው።

በነጋታው ሆስፒታል አብረው ሄዱ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረ፣ እሷ ገባች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃን ያዙት።

«ከስቷል! ምንድን ነው የምታበይው?» አሉ። የፎቶዋን አጭር ፀጉር አዩ፣ አልጋቸው አጠገብ የቆመችውን ልጃቸውን ፀጉር አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«አለ» አሉ። «አለቃዬ አለ። ተመስገን! ጠርጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ ልጄ።»

ስንት ቀን የቋጠረችው ዕንባ አሁን ተዘረገፈ። ፈጣሪን አመሰገነች፣ ውሻውን አመሰገነች፣ በልቧ ደግሞ በሩ ውጪ ያለውን ሰው። «ሐኪሙን ልጥራው?»

«ቆይማ» አሉ አባቷ ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው። «አለቃ ካሜራውን ነው የሚያየው። አንቺ ግን ከካሜራው በላይ ነው የምታዪው። እዚያ ማን አለ?»

አንገቷን ደፋች። «ፎቶ አንሺው።»

«እንዲህ አድርገሽ ሰው ስታዪ አይቼሽ አላውቅም። የት ነው ያለው?»

«እዚሁ፣ ኮሪደሩ ላይ።»

«እሱን በፎቶ እንዳታሳዪኝ፤ በአካል አስገቢልኝ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የፈለገውን ይቅደድ።»

ፎቶ አንሺው ፊቷ በዕንባ ርሶ ስትወጣ ሲያያት ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«አላመኑም?»

«አምኗል» አለችና ሰው ሁሉ እያየ እጁን ያዘችው። «አሁን የቀረው አንተን ማመን ነው። ና።»