የማራገቢያው ክር

ቢሻው ሲሠራ ሬዲዮ አይከፍትም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ላፕቶፕ ከሚጠግኑት ሁሉ ዓይኑን ለሥራው፣ ጆሮውን ለሚስቱ የሰጠ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመስኮቱ በኩል የሥራ ጠረጴዛው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ አስም ከክረምቱ ጋር ተባብሮ አልጋ ላይ ያዋላት ዘነበች። ትንፋሿ ሳብ ይላል፣ ለቀቅ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሲር ይላል። ያቺን ሲርታ እስከሰማ ድረስ መጋረጃውን ገልጦ አያይም። እንቅልፏን ላለመረበሽ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ፊቷን ማየት ይፈራል።

ጉሙ በራፍ ድረስ በተኛበት በዚያ ጠዋት ወይዘሮ እልፍነሽ በነጠላ የጠቀለሉትን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። በቅርቡ ያረፉት ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሳንባቸውን ታመው በተኙበት ጊዜ ሁሉ ላፕቶፑን ጋቢያቸው ላይ አስቀምጠው ሲጽፉ ነበር የሚውሉት።

«ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ ከውስጡ ላወጣ ነው» አሉ። «እየጋለ ይጠፋብኛል። ባትሪውም ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ አለቀ።»

«ማራገቢያው ነው እትዬ። ጋቢ ላይ ሲቀመጥ ብናኙን ይስባል። ከሰዓት ብቅ ይበሉ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ዘነበች ሳለች። ወይዘሮ እልፍነሽ እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አላነሱም።

«የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«ባለቤቴ ናት። አስም ነው።»

ሴትየዋ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እንግዲያው ቶሎ ጨርሰው ልጄ» ብለው ወጡ። ቢሻው ለበሽተኛዋ አዝነው ነው ብሎ አሰበ።

ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ ባሕር ዛፍ የታጠነበት፣ መስኮቱ ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ የበሽተኛ ክፍል ሽታ። ማራገቢያው በነጭ ብናኝ ታፍኗል። ብናኙን በወረንጦ ሲስበው ተግተልትሎ ወጣና ጣቱ ላይ አረፈ። እርጥብ ነበር፤ እርጥብና ለብ ያለ። ሻይ ተደፍቶበት ይሆናል ብሎ አሸተተው። ሻይ አልነበረም።

በብሩሽ ከጠረገው በኋላ የቀረውን በአፉ እፍ አለበት። የአየር መንፊያ ማሽን አለው፤ ጩኸቱ የዘነበችን ትንፋሽ ስለሚውጥበት ግን ከገዛው ጀምሮ አልተጠቀመበትም። እፍ ሲል ክንፎቹ ዞሩ። ሲያቆም ቆሙ። ከዚያም ማንም ሳይነካቸው ወደ ኋላ ዞሩና ሞቅ ያለ አየር ፊቱ ላይ መለሱለት። ቢሻው ፊቱን ጠርጎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

መሃሉ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጎ ገጠመውና ሶኬት ላይ ሰካው። ማራገቢያው ተነሳ። ድምፁ እንደ ሌላው ማራገቢያ ወጥ አልነበረም፤ ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይነሳል። ቢሻው ብጫቂ ወረቀት ከአየር መውጫው ፊት ያዘ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ተገፋ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ተሳበ። በዚህ ሥራ ላይ ሲኖር አንድ ማራገቢያ ሁለቱንም ሲያደርግ አይቶ አያውቅም።

አጠፋው። ወዲያው ዘነበች ታፈነች።

በአፍ የሚነፋውን መድኃኒቷን ይዞ ሮጠ። ተነስታ ተቀምጣለች፤ ዳሩ አረንጓዴ የሆነ ጋቢዋን በሁለት እጇ ጨብጣ አየር አጥታለች። አንድ ጊዜ ነፋላት፣ ደገመላት፣ ምንም አልረዳትም።

«አብራው» አለችው በጭንቅ። «ያንን ነገር አብራው። ሲበራ ደረቴን ቀለል ይለኛል።»

ሄዶ አበራው። ዘነበች ረጅም ትንፋሽ ስባ ትራሷ ላይ ተመለሰች።

«ቢሻው፣ አታጥፋው እሺ?»

«አላጠፋውም የኔ ዓለም።»

እውነትም አላጠፋውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ቤቱ በቀትር እየጨለመ፣ የሰው ስልክ ፈትቶ ሲጠግን ዋለ። የማራገቢያው ድምፅ እየለሰለሰ ሄደ። የዘነበችም ትንፋሽ እንዲሁ። አንድ ላይ ይነሳሉ፣ አንድ ላይ ያርፋሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት እያቃተው መጣ። ግን ሲርታዋ አለች፣ ሳሉም ቆሟል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አታውቅም ነበርና ቢሻው በደስታ እንባው መጣ። ይህን ላፕቶፕ ለምኜም ቢሆን አስቀረዋለሁ ብሎ ወሰነ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለ ከአየር መውጫው ላይ የተንጠለጠለ ክር አየ። ጠዋት አጽድቶታል፤ ክር ሊኖር አይገባም። በወረንጦ ሳበው። እርጥብ ነበር፣ ለብ ያለ ነበር፣ አረንጓዴ ነበር። ጋቢዋ ከመጋረጃው ወዲያ ነው ያለው። መጋረጃውን አየና ጆሮውን ሰጠ። ትንፋሿ ይሰማል። አልተነሳም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሲመጡ ደጃፉ ላይ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሲበራ ይሻላታል?»

«ተኝታለች እትዬ! ትንፋሿ አይሰማዎትም?»

«እኔም እንዲህ ብዬ ተደስቼ ነበር» አሉ በቀስታ። «ቀኑን ሙሉ የባለቤቴን ትንፋሽ ስሰማ ዋልኩ። ሐኪሙ መጥቶ እጃቸውን ሲይዝ፣ ካረፉ ቆይተዋል አለኝ።» እንባቸውን ዋጡ። «ጠዋት ልነግርህ ነበር። አበደች እንዳትለኝ ፈራሁ።»

ቢሻው ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ። ዘነበች እንደተጋደመች ናት፤ ዓይኖቿ በግማሽ ተከፍተዋል፣ የጋቢዋ ዳር ተመዞ ነጭ ብቻ ቀርቷል። እጇን ያዘ። ቀዝቃዛ ብረት የነካ መሰለው። መዳፉን አፍንጫዋ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ትንፋሿ ግን ከነሲርታው አሁንም ቤቱን ሞልቶታል።

ውጭ ነጎድጓድ ጮኸ። አምፖሉ ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ ትንፋሹም ለአፍታ ተቆርጦ በሳል ተነሳ።

ከኋላው፣ ከጠረጴዛው ላይ፣ የዘነበች ድምፅ ቀስ ብሎ «ቢሻው፣ አታጥፋኝ እሺ?» አለው።